ለወሬ የሚገባውን መልስ ለተማሪዎች ስለ ማስተማር

ሰው ወሬ ሳይሰማ ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ነው። ከገበያ የተመለሰ ሰው ከሸመተው እህል አስቀድሞ የሚጠየቀው ወሬ ነው፤ መንገደኛም ባደረበት ቤት እግሩን ሳይታጠብ «አገሩ እንዴት ነው» ይባላል። ዳሩ ግን ወሬን መስማትና ለሰሙት ወሬ የሚገባውን መልስ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው ከሰው ጋራ የተፈጠረ ነው፤ የኋለኛው ግን እንደ ንባብና እንደ ጽሕፈት በትምህርት ካልሆነ በቀር አይገኝም። ወሬ በመልእክተኛ እግርና በበቅሎ ጀርባ ይሄድ በነበረበት ዘመን ሰሚው የፊተኛውን መንገደኛ ቃል ከኋለኛው ቃል ጋራ እያስተያየ ለማሰብ ጊዜ ነበረው። ዛሬ ግን ወሬ በእጅ በሚያዝ ስልክ ከዳር እስከ ዳር በቅጽበት ስለሚደርስ አንባቢው ያነበበውን ሳይጨርስ ለሌላው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ለወሬ መልስ መስጠት የትልልቆች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የተማሪ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

በዚህ ነገር ብዙ የደከመችው፥ ብዙም የተሟገተችው አሜሪካ ናት። በዚያ አገር በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጋዜጠኝነት ክፍል አለ፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጆችም በአንድ መምህር ጠባቂነት የትምህርት ቤታቸውን ጋዜጣ ይጽፋሉ፥ ያርማሉ፥ ያሳትማሉ። የነዚህ ልጆች ሥራ ምን እንደሚመስልና ምን ችግር እንደ ደረሰበት ማወቅ፥ ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ «መልስ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። መልስ ማለት መቈጣት አይደለም፤ መደገፍም አይደለም። ብዙ ሰው ወሬ ሲሰማ ወዲያው «ደስ ብሎኛል» ወይም «አዝኛለሁ» ማለትን መልስ አድርጎ ይቈጥረዋል። የጋዜጠኝነት መምህር ለደቀ መዛሙርቱ የሚያስተምረው መልስ ግን በጥያቄ የሚጀምር ነው፤ ይኸውም ይህን ያለው ማነው፥ እንዴት ሊያውቅ ቻለ፥ ሌሎችስ ምን ይላሉ ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው በሩቅ አገር የሆነ እንደ ሆነ፥ በእኛ መንደርና በእኛ ትምህርት ቤት ምን አስከተለ ብሎ ተነሥቶ መሄድ ይመጣል። በመጨረሻም ያገኙትን ጽፎ ስምን ከበታቹ ማኖር ነው። ስም የተጻፈበት መልስ ኀላፊነት ያለበት መልስ ነው፤ ስም የሌለው ግን ከጓሮ ከተወረወረ ድንጋይ አይለይም።

የፊተኛው ጥያቄ፥ «ይህን ያለው ማነው» የሚለው፥ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2015 እና በ2016 በ12 ግዛቶች ከተማሪዎች 7,804 መልሶችን ሰብስበው ባዩ ጊዜ እጅግ የከበደ ሆኖ ተገኘ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ካቀረቡላቸው ፈተናዎች አንዱ የአበባ ሥዕል ነበር። በጃፓን አገር በፉኩሺማ የሚገኘው የአቶም ኀይል ማመንጫ በ2011 ዓ.ም. ከመሬት መንቀጥቀጥና ከባሕር ማዕበል የተነሣ እንደ ተበላሸ የታወቀ ነው። ሥዕሉ ቅርጻቸው የተጣመመ ነጫጭ አበቦችን ያሳያል፤ ከሥሩም አበቦቹ የተጣመሙት በዚያ መርዝ ምክንያት ነው የሚል ጽሑፍ አለበት። ሥዕሉን ማን እንዳነሣው፥ በየት አገር እንደ ተነሣ፥ በምን ይታወቃል ብለው የጠየቁት ተማሪዎች ከመቶ 20 አልሞሉም። ከመቶ 40 የሚያህሉት ሥዕሉ በዐይን ስለሚታይ ብቻ ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ሩብ የሚያህሉት ደግሞ ማስረጃው አይበቃም አሉ፤ ምክንያታቸውን ቢጠየቁ ግን የሌሎች ዕፀዋትና የእንስሳት ሥዕል ስላልተጨመረበት ነው ብለው መለሱ። እነዚህ የኋለኞቹ ይልቅ ያሳዝናሉ፤ መጠራጠርን ተምረዋል፥ መጠራጠሪያውን ስፍራ ግን አልተማሩም።

እነዚሁ መርማሪዎች ቀጥለው ሌላ ነገር አደረጉ። 10 የታሪክ ሊቃውንት፥ 10 የጋዜጣን ቃል እውነትነት መመርመር ሥራቸው የሆነ ሰዎች፥ 25ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠርተው፥ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበሮችን ጽሑፍ አሳዩዋቸው። አንደኛው በ1930 የተቋቋመና ብዙ ሺሕ ሐኪሞች ያሉበት ትልቅ ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው በ2002 ጥቂት ሰዎች ተለይተው ያቆሙት ትንሽ ማኅበር ነው። ከተማሪዎቹ ከእኩሌታ የበለጡት ትንሹን ማኅበር የበለጠ የሚታመን ነው አሉ። ከታሪክ ሊቃውንቱም ገሚሶቹ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት ተሳናቸው። መርማሪዎቹ ግን አንድ ስንኳ ሳይሳሳት ለዩት። ምክንያቱም ሊቃውንቱ የቀረበላቸውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት ሲያነቡ፥ መርማሪዎቹ ገጹን ገና እንዳዩት ትተውት ወጡ፤ ወጥተውም ስለዚያ ማኅበር ሌሎች ምን እንደ ጻፉ ፈለጉ። ሰውን ለማወቅ የገዛ አፉን ከመስማት ጎረቤቱን መጠየቅ እንደሚሻል አስተዋይ ሽማግሌ ያውቀዋል፤ ምርመራውም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። ለረጅም ዘመን ጠልቆ ማንበብን እንደ ትልቅ ሀብት ለሚያይ ሰው ይህ የሚከብድ ነገር ነው። ነገር ግን ጠልቆ ማንበብ የሚገባው ላነባበቡ ለተገባ ጽሑፍ ነው፤ የትኛው እንደሚገባው የሚታወቀውም አስቀድሞ ስለ ጸሐፊው በመጠየቅ ነው።

ይህ ዘዴ ለልጆች ሊሰጥ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በነብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ ተፈትኗል። በከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 499 ተማሪዎች ለፈተናው ሲመረጡ፥ ከፊሎቹ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ ስድስት ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። በ2022 በታተመው ውጤት እንደ ተገለጠው፥ እነዚህ ካልተማሩት ይልቅ በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። ስድስት ትምህርት ማለት አምስት ሰዓት ነው። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ስልኩን የሚመለከትበት ጊዜ ከዚህ ብዙም እንደማያንስ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። የኢሊኖይ ግዛት በ2021 ባወጣው ሕግ ይህን የመሰለ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሰጥ አዝዟል፤ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያም በ2023 ተከትለዋል።

ነገር ግን ሐሰቱን ከእውነቱ መለየት የአንባቢ ሥራ እኩሌታ ብቻ ነው፤ የጋዜጠኛው ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። በ2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ተማሪዎች ምግብ ዐዲስ ሕግ አወጣ፤ በዚሁ መሠረት ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሰጠው ምሳ ከ750 ያላነሰ ከ850 ካሎሪም ያልበለጠ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሥጋውና እህሉም በልክ ሆነ። ይህ ወሬ በጋዜጣ ሁሉ ወጣ። በካንሳስ ግዛት በዋላስ አውራጃ ያሉ ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ለዚህ ወሬ የሰጡት መልስ ዘፈን ነበር። የታወቀውን ዜማ ይዘው «ርቦናል» የሚል ቃል አገቡበት፤ ልጆቹ በሜዳ ላይ በራብ ሲወድቁ የሚያሳይ ሥዕል አንሥተውም በኢንተርኔት ለቀቁት፤ ከሚሊዮን በላይ ጊዜም ታየ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የእርሻ ሚኒስቴር በሥጋና በእህል ላይ ያኖረውን ከፍተኛ ልክ አነሣ። ይህንንም ያደረገው ከብዙ ወገን በቀረበለት አቤቱታ እንጂ በዘፈኑ ብቻ ተገፍቶ አልነበረም።

ዘፈኑ ማለፊያ ነበር፥ ሰውንም አሥቋል። ዳሩ ግን ዘፈን ጋዜጣ አይደለም። የጋዜጠኝነት መምህር ቢሆን ልጆቹን ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ማዕድ ቤት ይሰዳቸው ነበር። ወጥ ቤቷ ባለፈው ዓመት ስንት ዳቦ ታወጣ ነበር፥ ዘንድሮስ ስንት ታወጣለች? በልጆቹ ሳሕን ላይ ቀርቶ የሚጣለው ምንድር ነው? ከልምምድ ሜዳ የሚመለሰው ኳስ ተጫዋችና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ልጅ በአንድ ልክ መመገባቸው እንዴት ይታያል? ምሳው በመንግሥት ወጪ የሚሰጠው የድኻ ልጅ ቤቱ ሲመለስ እራት ያገኛልን? ከነዚህ ጥያቄዎች ከአንዳንዱ የሚገኘው መልስ ሕጉን የሚደግፍ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ጽሑፍ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ሲነሣ ያላሰበውን ነገር ሲመለስ ይዞ መምጣቱ። ዘፈን ግን ሲጀመር የያዘውን ይዞ ይጨርሳል።

ጥያቄ ተከትሎ ያላሰቡትን ይዞ ስለ መመለስ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በዚያችው በካንሳስ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ በ2017 የሆነው ነው። ከተማይቱ 20,000 የሚያህል ሰው የሚኖርባት ናት። የትምህርት ቤቱ ቦርድ በመጋቢት ወር 6 ቀን ዐዲስ ዲሬክተር ሾመ። «ቡስተር ሪደክስ» የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ጸሐፊዎችም እንደ ልማዳቸው ዐዲሷን ዲሬክተር ለአንባቢ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሡ። ነቀፋ በልባቸው አልነበረም፤ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚል ጽሑፍ ነው ያሰቡት። የዲሬክተርን የትምህርት ማዕርግ በጽሑፉ ለመጥቀስ ሲሉ፥ ማዕርጉን ሰጠ የተባለውን «ኮርሊንስ» የሚባል ዩኒቨርሲቲ ፈለጉ። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የማይሠራ ሆነ። ወደ ፊት ቢመረምሩ በመንግሥት ከታወቁት ትምህርት ቤቶች መካከል ስሙ አልተገኘም፤ ማዕርግ በገንዘብ የሚሸጥ ነው የሚል ጽሑፍም አገኙ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ያደረጉት ሊስተዋል የሚገባው ነው። ያገኙትን በዚያው ቀን በስልካቸው አልበተኑትም። ሹመኛዋን በስልክ ጠሯቸው፤ ጥያቄውን ሁሉ ፊት ለፊት አቅርበው መልሳቸውን ጻፉ። የተሰጣቸው መልስ ጐደሎ ሆኖ፥ ዘመኖቹም እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው ስለ ታዩ፥ ይህንኑ እንዳለ አተሙት። ጽሑፉ በስድስት ተማሪዎች ስም በመጋቢት 31 ቀን ወጣ። በአራተኛው ቀን፥ በሚያዝያ 4፥ ዲሬክተርዋ ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ወሬውን ከልጆቹ ተቀብለው በአገሩ ሁሉ አዳረሱት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው የመምህሪቱ ሥራ ነው። የጋዜጣው መምህር ዲሬክተሩን ከመረጡት የኮሚቴ አባሎች አንዷ ነበሩ። ስለዚህ ልጆቹን በዚህ ነገር ቢመሩ ለራሳቸው ምርጫ ያደላሉ ወይም ይበቀላሉ ተብለው እንዳይታሙ፥ ከነገሩ ራቅ ብለው የግዛቱን የተማሪዎች ጋዜጦች ማኅበር ኀላፊ ረዳት አድርገው አመጡላቸው። ልጆቹ አድልዎ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ከሚማሩት ይልቅ ይህን በዐይናቸው በማየት የተማሩት የሚበልጥ ይመስላል። የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኀላፊም ሹመቱ የራሳቸው ሥራ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ እንዳይወጣ አልከለከሉም። ኀላፊ የሆነ ሰው በራሱ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ መንገድ ሰጥቶ ማሳለፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ከፒትስበርግ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚዙሪ ግዛት ወሰን ይገኛል። በሚዙሪ በሴንት ሉዊስ አውራጃ በሄዝልውድ ኢስት ትምህርት ቤት በ1983 የሆነው ነገር ከዚህ የተለየ መጨረሻ ነበረው። የዚያ ትምህርት ቤት ጋዜጣ «ስፔክትረም» ይባል ነበር። ልጆቹ በአገሩ ሁሉ ይነገር ለነበረው ወሬ፥ ይኸውም ሳያገቡ ስለሚያረግዙ ልጃገረዶችና ስለሚፋቱ ባልና ሚስት፥ ከራሳቸው ትምህርት ቤት መልስ ፈልገው ጻፉ። ሦስት ያረገዙ ተማሪዎች ስማቸው ተለውጦ ታሪካቸውን ተናገሩ፤ በሌላው ጽሑፍ አንዲት ተማሪ አባቷ ቤቱን ትቶ እንደ ኖረ ከሰሰች። የቆየው መምህር ሌላ ሥራ አግኝቶ ጋዜጣው ሊያልቅ ሲል ስለ ሄደ ዐዲስ መምህር ተተክቶ ነበር። እርሱም እንደ ልማዱ ገጾቹን ከመታተማቸው በፊት ለዲሬክተሩ ላከ።

ዲሬክተሩ ገጾቹን ባዩ ጊዜ ነገሩን አልወደዱትም። ስማቸው ቢለወጥም ያረገዙት ልጆች በሌላ ምልክት ይታወቃሉ፤ አባትየውም የተከሰሰበትን ሰምቶ ቃሉን እንዲሰጥ አልተጠየቀም አሉ። ጊዜም የለም ብለው አሰቡና ጽሑፎቹ ያሉባቸው ሁለት ገጾች በሙሉ እንዲቀሩ አዘዙ። ስድስት ገጽ የነበረው ጋዜጣ አራት ገጽ ሆኖ ወጣ፤ በነዚያ ገጾች ላይ የነበሩ፥ ዲሬክተሩ ምንም ያልነቀፏቸው ሌሎች ጽሑፎችም አብረው ቀሩ። ሦስት ተማሪዎች ከሰሱ። ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እየተላለፈ፥ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ፥ ቀጥሎ ለተማሪዎቹ ከተፈረደ በኋላ፥ በጥር ወር 1988 የበላዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ድምፅ በሦስት ላይ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ዳኛ ባይረን ኋይት የጻፉት ፍርድ፥ ጋዜጣው የትምህርቱ ክፍል እስከ ሆነ ድረስ ለትምህርት የሚስማማ ምክንያት ያለው ኀላፊ ሊያርመውና ሊከለክለው ይችላል የሚል ነው። ከሳሾቹም በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሙሉ ሰዎች ሆነው ነበር።

ይህን ፍርድ አንዳንዱ እጅግ ይነቅፈዋል፤ አንዳንዱም ትምህርት ቤት የአባት ቤት ነውና አባት ሊያዝዝ ይገባዋል ብሎ ያመሰግነዋል። ነገሩን ቀርቦ ለተመለከተው ግን የዲሬክተሩ ምክንያት ራሱ የጋዜጠኝነት ምክንያት ነበር። የተከሰሰ ሰው ቃሉ ይሰማ፥ ምስጢሩን የሰጠ ሰው ይሰወር የሚሉት ሁለቱ ትእዛዞች በጋዜጠኛ ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው። የፒትስበርግ ልጆች ሹመኛዋን በስልክ የጠየቁት ይህን ስለ ተማሩ ነው። የሄዝልውድ ልጆች አባትየውን አልጠየቁም፤ ይህ ጕድለት ነበር። ነገር ግን ጕድለቱን ለልጆቹ ነግሮ «ሂዱና አባትየውን ጠይቁት፥ ጋዜጣው አንድ ሳምንት ይዘግይ» ማለት ሲቻል፥ ገጹን ቈርጦ መጣል ምን ያስተምራል? ልጆቹ ገጾቹ መቅረታቸውን ያወቁት ታትሞ ከመጣ በኋላ ነው። ዳኛ ብሬናን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋራ ተለይተው በጻፉት ሐሳብ፥ ጥቂት ቃል መሰረዝ ወይም ማዘግየት ሲቻል ይህን ያህል መቍረጥ እንደማይገባ ተናግረዋል። የቅኔ መምህር የተማሪው ቅኔ ቤት ቢጐድለው ሌላ ቃል ፈልግ ይለዋል እንጂ ብራናውን አይቀድበትም። ዕርማት የሚባለው የታረመው ሰው ምን እንደ ታረመ ሲያውቅ ነው።

ከ1988 ፍርድ በኋላ አንዳንድ ግዛቶች በየራሳቸው ምክር ቤት ለተማሪዎች ጋዜጣ ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ካሊፎርኒያ ከፍርዱ በፊት በ1977 አውጥታ ነበር፤ አይዋ በ1989፥ ኮሎራዶ በ1990፥ ካንሳስ በ1992፥ አርካንሳስ በ1995 ተከተሉ። በ2015 የሰሜን ዳኮታ ሕግ ከወጣ ወዲህም ሌሎች ብዙዎች ተጨምረዋል። የካንሳስ ሕግ ልጆቹን ያለ ልጓም አልለቀቃቸውም፤ የሰው ስም በሐሰት ማጥፋት፥ ጸያፍ ነገር መጻፍ፥ የትምህርት ቤቱን ሥራ ማወክ ክልክል ነው። ከዚህ በቀር ግን ነገሩ አከራካሪ ስለ ሆነ ብቻ ዲሬክተር ሊከለክለው አይችልም። ሚዙሪ በተወለዱት በታላቁ ጋዜጠኛ በዋልተር ክሮንካይት ስም የተሰየመ ረቂቅ ለምክር ቤትዋ ቢቀርብም እስከ 2024 ድረስ ሕግ አልሆነም። እንግዲህ የፒትስበርግ ልጆች ቤታቸው ጥቂት ወደ ምሥራቅ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፥ ጽሑፋቸው መውጣት አለመውጣቱ በሕግ ሳይሆን በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ይወሰን ነበር።

እስከዚህ የተነገረው ወሬን ፈልገው ስለ ሄዱ ልጆች ነው። ወሬ ራሱ ወደ ልጆቹ የመጣበት ጊዜም አለ። በየካቲት 14 ቀን 2018 በፍሎሪዳ ግዛት በፓርክላንድ ከተማ በማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ትምህርት ቤት አንድ የቀድሞ ተማሪ 17 ሰዎች በጠመንጃ ገደለ። የዚያ ትምህርት ቤት ጋዜጣ «ኢግል አይ» ይባላል። ጸሐፊዎቹ ከሞት ያመለጡ፥ የሞቱትም ባልንጀሮቻቸውና መምህሮቻቸው ነበሩ። ከሩቅ የመጡ ጋዜጠኞች በበሩ ተሰልፈው ስለሚያለቅሱ ልጆች ሲጽፉ፥ የሚያለቅሱት ልጆችም በውስጥ ይጽፉ ነበር። ከጻፉትም ዋናው የ17ቱ ሟቾች የሕይወት ታሪክ ነው። ይህንንም ለፑሊትዘር ሽልማት አቀረቡት። በሚያዝያ ወር 2019 ሽልማቱ በተነገረበት ቀን የሽልማቱ አስተዳዳሪ ዴና ካኔዲ አስቀድመው የነዚህን ልጆች ሥራ በአደባባይ አነሡ። የሞተውን ሰው በልኩ መጻፍ፥ ያልነበረውን ሳይጨምሩ የነበረውን ሳያስቀሩ፥ ላዘነ ሰው እጅግ የሚከብድ ሥራ ነው።

ዳሩ ግን ልጆቹ ሌላም መልስ ሰጥተዋል፤ በዚህኛው ላይ መከራከር ይቻላል። በመጋቢት ወር 2018 «ጋርዲያን» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የአሜሪካ ክፍሉን ለጥቂት ጊዜ ለ«ኢግል አይ» አዘጋጆች በሰጠ ጊዜ፥ ልጆቹ የጠመንጃ ሕግ እንዲህና እንዲህ ይለወጥ የሚል የአቋም ጽሑፍ አወጡ። የአንድን ነገር ወሬ የሚጽፍ ሰው በዚያው ነገር ላይ ተከራካሪ ሊሆን ይገባዋልን? በአሮጌው የጋዜጣ ሥርዐት ዘንድ አይገባውም። ወሬ በአንድ ገጽ፥ ሐሳብ በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ የሁለቱም ጸሐፊ አንድ ሰው እንዳይሆን ይጠበቃል። ነገር ግን ጥይት በራሱ ክፍል መስኮት ለገባበት ልጅ «አንተ ተመልካች ብቻ ሁን» ማለት ሰውነቱን መካድ ይሆናል። ልጆቹ ያወጡትን በአቋም ጽሑፍ ስም ማውጣታቸው፥ በወሬ መልክ አለመሸፈናቸው፥ ትምህርታቸውን እንዳልረሱ ያሳያል። ከዚህ የበለጠ መጠየቅ ይቸግራል።

የተማሪ ጋዜጣ ነገር እንዲህ ከፍ ብሎ መታየቱ ሌላም ምክንያት አለው። በአሜሪካ ከ2005 እስከ 2022 ባለው ዘመን 2,500 የሚያህሉ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ አብዛኞቹም የትንንሽ ከተሞች ሳምንታዊ ጋዜጦች ናቸው። ጋዜጣዋ በተዘጋባት ከተማ የትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። በዚያ ባዶ ወንበር ላይ የ16 ዓመት ልጅ ደብተሩን ይዞ ቢቀመጥ፥ ልጅ ነው ተብሎ የሚናቅበት ጊዜ አልፏል። ዳሩ ግን ልጁን እዚያ ሲያስቀምጡት ሸክሙም አብሮ እንደ ተጫነበት መዘንጋት አይገባም፤ ቢሳሳት የሚጐዳው እውነተኛ ሰው ነው፥ የሚወቀሰውም እርሱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ መምህሩ ይመጣል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የጋዜጣው ሥራ የሚሰጠው በጋዜጣ ቤት ሠርቶ ለማያውቅ የቋንቋ መምህር ነው፤ ከቀን ሥራው በላይ ተጨምሮ፥ እርማቱም ማታ እቤቱ ይከተለዋል። ልጆቹ ሹመኛን የሚያስቈጣ ነገር ቢጽፉ፥ ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ይመረቃሉ፤ መምህሩ ግን እዚያው ይቀራል። በሄዝልውድ ዐዲሱ መምህር በተተካ በጥቂት ቀን ከዲሬክተሩ ጋራ ስለ ገጾቹ ሊከራከር አለመድፈሩ አያስደንቅም። ካሊፎርኒያ ይህን ስላየች በ2008 ባወጣችው ሕግ፥ የተማሪዎቹን ጽሑፍ አልከለክልም ያለ መምህር በዚህ ምክንያት ከሥራ እንዳይባረር፥ ወደ ሌላ ስፍራም እንዳይዛወር ወሰነች፤ የካንሳስ ሕግም ይህን የመሰለ ቃል አለበት። ተማሪውን ብቻ የሚጠብቅ ሕግ ባለበት ግዛት ግን፥ ልጁን አትጻፍ ማለት ያልቻለ ኀላፊ በሚቀጥለው ዓመት መምህሩን ከጋዜጣው ክፍል አንሥቶ ሌላ ትምህርት እንዲያስተምር ቢያዝዘው ከልካይ የለውም፤ ምክንያቱንም እንዲናገር አይገደድም።